ርስት በሺህ ዓመቱና የዐሥራ አምስት ዓመት ደረሰኝ

አባቶቻችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እያሉ ይተርቱ ነበር። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ የሕግ ትምህርት ተሰውሮ ይገኛል። ሰው በጦርነት ቢሰደድ፣ በችጋር ምክንያት አገሩን ለቅቆ ቢሄድ፣ ልጁም የልጅ ልጁም በሰው አገር ተወልዶ ቢያድግ፣ አንድ ቀን ተመልሶ የትውልዱን ሐረግ ቈጥሮ «ይህ የአያቴ ነው» ሲል፣ በመካከል ያለፈው ዘመን መብቱን አያጠፋበትም ማለት ነው። ጊዜ ሰውን ያስረጃል፤ ግንብን ያፈርሳል፤ ርስትን ግን አይሽርም የሚል እምነት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ በዓለም ሕግ ውስጥ ከዚህ ጋራ የሚጣላ ሌላ ትምህርት አለ። አንድ ሰው የሌላውን መሬት ወይም ቤት በግልጥ ይዞ ሲጠቀምበት ባለቤቱ እያየ ዝም ቢል፣ ዓመታትም በዓመታት ላይ ቢደራረቡ፣ ይዞታው ወደ ሀብትነት ይለወጣል ይላል። ይህንንም በእኛ ሕግ ቋንቋ ይርጋ እንለዋለን። ርስት ለተኛውም ይጠብቃል፤ ይርጋ ግን የተኛውን አይጠብቅም።

የነዚህ የሁለቱ ትምህርቶች ክርክር በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የቀረ እንዳይመስለን፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወዳሉት ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ዘልቀን እንመልከት። በዚያ ቤቱን አከራይቶ የሚኖረው ሰው «ተከራዬ ዘመን ቈጥሮ ቤቴን ይወስድብኝ ይሆን?» እያለ ይሠጋል። ያለ ካርታ ጎጆ ቀልሶ የተቀመጠውም «ይህን ያህል ዘመን ስኖር ማንም አልከለከለኝም፤ ታዲያ ዛሬ ስለ ምን ይፈርስብኛል?» ብሎ ያዝናል። ጥያቄው ሁለት ይምሰል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ጊዜ ብቻውን መብት ይወልዳልን?

ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመዝገብ ቤት ሥራዬ ላይ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በነጠላ የተቋጠረ የወረቀት ጥቅል ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ እነዚህ ይመስክሩልኝ» አሉና ቋጠሮውን ፈቱ። የመብራት ደረሰኝ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የመንገድ መዋጮ ደረሰኝ፣ ሁሉም በዓመት በዓመቱ ተደርድሮ ነበር። ዐሥራ ሰባት ዓመት ይሆናል። እኔም አገላብጬ ካየሁ በኋላ «አባቴ፣ የግብሩ ደረሰኝ የታለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌውም «እሱንማ ልክፈል ብዬ ሄጄ ነበር፤ ካርታ የሌለውን ግብር አንቀበልም ብለው መለሱኝ» አሉ። በዚያን ሰዓት የምመልሰው ቃል አጣሁ። ስለ ምን እንዳጣሁ ግን አንባቢ ከዚህ በታች ካለው ታሪክ ይረዳዋል።

የይርጋ ሕግ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተጻፈው የሮማውያን የዐሥራ ሁለቱ ሠሌዳ ሕግ መሬትን ሁለት ዓመት፣ ሌላውን ዕቃ አንድ ዓመት የያዘ ሰው ባለቤት እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን ሮማውያን የተሰረቀውንና በጉልበት የተነጠቀውን ከዚህ ሕግ አውጥተውታል። ዘመን የሌብነትን እድፍ አያጥብም ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሕጎች ዘመኑን አንዳንዶቹ አስረዘሙት፣ አንዳንዶቹም አሳጠሩት። በእንግሊዝ አገር ለብዙ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነበር። በአሜሪካ በካሊፎርንያ ግዛት አምስት ዓመት ነው፤ ነገር ግን ባለይዞታው በነዚያ ዓመታት የመሬቱን ግብር መክፈሉን ማስረዳት አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ነገር በልባችን ትቀመጥ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ታስፈልገናለችና።

በአገራችን መሬት የሚያዝበት ሥርዐት እንደየክፍሉ ልዩ ልዩ ነበር። በሰሜኑ ክፍል ርስት የትውልድ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ባለቤት አይሆንበትም፤ ከአንድ አቅኚ አባት የተወለዱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። በቀላድ በተለካው አገር ግን ሥርዐቱ ሌላ ሆነ። መሬቱ በጋሻ እየተለካ ለባላባት፣ ለወታደር፣ ለቤተ ክህነትና ለመንግሥት ባለሟል ተደለደለ። አንዱ ጋሻ አርባ ሄክታር ያህል ነው። ይህንንና ይህንን የመሰለውን የመሬት ሥርዐት ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ሰብስበው ስላቈዩልን፣ ዛሬም ተመራማሪ ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፣ በዙሪያዋ ያለው የእንጦጦ ግርጌና ሜዳ የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎች የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩበት ምድር ነበር። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ፣ ቡራዩ በገፈርሳ በኩል በአምቦ መንገድ፣ ሰበታም በጅማ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከተማይቱ እየሰፋች ስትሄድ መሬት ዋጋ አወጣ። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1907 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአዲስ አበባን መሬት በግል ሀብትነት ለመያዝና ለመሸጥ የሚያስችል ሕግ አወጡ። ከዚያ በኋላ መሬት በወረቀት የሚታወቅ ነገር እየሆነ ሄደ።

ወረቀቱም ከግብር ጋራ ተያያዘ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለው። በቀላድ በተለካው አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር የመሬት ግብር ተወሰነ፤ የዐሥራቱ ምትክ ከዚህ ሌላ ነው። እንግዲህ ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ይቀበላል፤ ደረሰኙንም በሣጥን ያኖረዋል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ አውጥቶ ለዳኛው ያሳየዋል። የመሬት መዝገብ ባልተስፋፋበት አገር የግብር ደረሰኝ የባለቤትነት ምስክር ሆነ።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ሰው ተረሳ፤ እርሱም ጢሰኛው ነው። ጢሰኛው ከአያቱ ጀምሮ በዚያው መሬት ላይ ተወልዶ፣ አርሶ፣ ሞቶ ተቀብሮበታል። ዘመን ብቻውን መብት የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ የሚቀድም አልነበረም። ዳሩ ግን መሬቱን የያዘው በባለመሬቱ ስም ነው፤ የግብሩም ደረሰኝ የሚጻፈው በባለመሬቱ ስም ነው። ስለዚህ መቶ ዓመት ቢቀመጥ በሕግ ፊት እንግዳ ነበር።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና። ይህ ሕግ በቊጥር 1168 የይርጋን ነገር ሲወስን አስተዋይነት አሳይቷል። ለዐሥራ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ግብር የከፈለ ባለይዞታ የንብረቱ ባለቤት ይሆናል አለ። በቦታው መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ የባለቤትነትን ሸክም በአደባባይ መሸከም ያስፈልጋል። በዚያው ቊጥር ደግሞ፣ በልማድ የቤተ ዘመድ የጋራ ሀብት የሆነውን መሬት ከዘመዶቹ አንዱ በይርጋ ለብቻው ሊያደርገው እንደማይችል ተጻፈ። እንግዲህ «ርስት በሺህ ዓመቱ» የሚለው ተረት ከአዲሱ ሕግ ፈጽሞ አልተባረረም፤ አንዲት ጥግ ተሰጥታው ተቀመጠ።

ሕጉ ሌላም ጥንቃቄ አለው። በቊጥር 1149 ይዞታውን የተነጠቀ ወይም ሁከት የተደረገበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ የይዞታ ክሱ እንደሚቀርበት ይናገራል። በቊጥር 1455 ደግሞ የሕዝብ አገልግሎት የሆነ የመንግሥት ንብረት በይርጋ ሊገኝ እንደማይችል ይደነግጋል። መንገድን፣ አደባባይንና ይህን የመሰለውን ማንም በዘመን ብዛት የራሱ ሊያደርገው አይችልም።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ሒሳብ ከእኔ ጋራ እንዲያሰላ እለምናለሁ። ሕጉ በጸናበት ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በያዘው የገጠር መሬት ላይ የመጀመሪያውን ግብር መክፈል የጀመረ አንድ ሰው ነበር እንበል። ዐሥራ አምስቱ ዓመት የሚሞላለት መስከረም 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ቊጥር 31 የወጣው ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቊጥር 47 ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ። ያ ሰው በገጠር ቢሆን ስድስት ወር ያህል፣ በከተማ ቢሆን ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ጐደለው። ከሕጉ ጋራ አብሮ መቊጠር የጀመረ ሰው መሬትን በይርጋ ለማግኘት ጥቂት ሲቀረው፣ መሬት ራሱ ከግል ሀብትነት ወጣ።

ዐዋጅ ቊጥር 31 ጢሰኛውን ከባለመሬቱ እጅ አላቀቀው፤ ዘመኑ ያልሰጠውን ዐዋጅ ሰጠው። ዐዋጅ ቊጥር 47 ደግሞ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፤ ትርፍ የተባሉት ቤቶች በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ። በዚያ ዘመን ቤት ማከራየት የግል ሰው ሥራ መሆኑ ቀረ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህንን የመሬት መሠረት አላናወጠውም። በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም አለ። በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጒልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለገነባው ቤት ሙሉ መብት አለው ብሎ ደነገገ፤ ገበሬውም ከመሬቱ እንዳይነቀል ጥበቃ ሰጠው። የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዐት በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. በዐዋጅ ቊጥር 721 ተጠናከረ። እንግዲህ ቊጥር 1168 ዛሬ መሬትን ለማንም የግል ሀብት አያደርግም፤ መሬቱ የግል ሊሆን አይችልምና። ቤት ግን እስከ ዛሬ የግል ሀብት ስለ ሆነ፣ በቤት ላይ የሚነሣው የይርጋ ክርክር ሙሉ በሙሉ አልሞተም።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። አዲስ አበባ በሕዝብ ስትሞላ ኪራይ ያቃጠለው ሠራተኛ፣ አዲስ ተጋቢው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሥራ ፈላጊ ሁሉ ወደ ዳር ወጣ። ገበሬውም በአንድ በኩል መሬቱን መሸጥ ተከልክሎ፣ በሌላ በኩል ነገ ለከተማ ማስፋፊያ በትንሽ ካሣ እወሰድበታለሁ ብሎ እየሠጋ ነበር። የሚሠጋ ሻጭና የተቸገረ ገዢ ተገናኙ፤ በመካከላቸውም ደላላ ቆመ። ውሉ በሁለት ምስክር ፊት በወረቀት ተጻፈ፤ ሕግ ግን አያውቀውም። ቤቱም ተቈጣጣሪ ሳያይ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ስለሚያድር ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ብሎ ሰየመው። በስሙ ላይ ያለውን ቀልድ ያወጣው ሕዝብ፣ በውስጡ ያለውንም ሥጋት ያውቀዋል፤ በጨረቃ የተሠራ ቤት ፀሐይ ስትወጣ ይታያልና።

አስተዳደሩም ለነዚህ ቤቶች በልዩ ልዩ ጊዜ ልዩ ልዩ መልስ ሰጥቷል። በአዲስ አበባ እስከ 1988 ዓ.ም.፣ በኋላም እስከ 1997 ዓ.ም. በተነሣው የአየር ካርታ ላይ የታዩት ሰነድ አልባ ይዞታዎች በሕግ እንዲታቀፉ ተደርጓል። ይህ በጥልቅ ሲታይ ራሱን የቻለ ይርጋ ነው፤ ዓመታትን የሚቈጥረው ግን ደረሰኝ ሳይሆን ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ሆነ። በፎቶግራፉ ቀን ጣራው የታየለት ዳነ፤ በማግስቱ የቀለሰው ቀረ።

በዙሪያው ባሉት ከተሞች ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተቋቋመ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ተሰረዘ፤ የገበሬው ከመሬቱ መነቀል የዚያ ተቃውሞ ዋና ምክንያት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ፈረሱ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ጎረቤቶቻቸው በአንድነት ሸገር ከተማ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ የተባሉ እጅግ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ከፈረሱት ቤቶች ነዋሪዎች መካከል ለብዙ ዓመታት የኖሩ፣ መብራትና ውሃ የገባላቸው፣ ልጆቻቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ነበሩ። ፍርዱን ስናይ ግን ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባል፤ አንዱ ቤት የቆመበት መሬት ያለ በቂ ዋጋ ከገበሬ እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ አንዱም ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ የታሰበ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንባ በሁለቱም ቤት አለ።

ቤት ለሚያከራየው ሰው የሚሆነውን ምክር እዚህ ላይ ልጨምር። ተከራይ በኪራይ ዘመን ብዛት የቤት ባለቤት አይሆንም። በሌላ ሰው ስም መያዝ የጀመረ ሰው ያንኑ ዐይነት ይዞታ እንደቀጠለ ይገመታል፤ ኪራይ በከፈለ ቊጥርም ባለቤቱ ሌላ መሆኑን በእጁ ይመሰክራል። ሥጋቱ የሚመጣው ባለቤቱ ውል ሳይጽፍ፣ ኪራይ ሳይቀበል፣ ግብሩን ሌላ ሰው በራሱ ስም እንዲከፍል ለቅቆ፣ ለዓመታት ርቆ የሄደ እንደ ሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቊጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቊጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ይህ ለተከራዩ ጥበቃ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለአከራዩም ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ የባለቤትነት ምስክር የለም። ስለዚህ አከራይ ሆይ፣ ውልህን ጻፍ፤ አስመዝግብ፤ ግብርህን በስምህ ክፈል፤ ደረሰኝህን አኑር።

አሁን ደግሞ ወደ ሽማግሌው ቋጠሮ ልመለስ። እኒያ ሰው ሕጉ የሚፈልገውን ለማድረግ ሄደዋል። ሸክሙን ልሸከም ሲሉ ግብርህን አንቀበልም ተባሉ፤ ነገር ግን ቤትህን አፍርስ ብሎ የከለከላቸውም አልነበረም። የመብራቱን ዋጋ የተቀበለ እጅ፣ የመንገዱን መዋጮ የተቀበለ እጅ፣ ግብሩን ብቻ መለሰ። የይርጋ ሕግ ዋና ምክንያቱ የተኛ ባለቤት ስለ እንቅልፉ እንዲጠየቅ ነው። ባለቤቱ መንግሥት በሆነ ጊዜ ግን የእንቅልፉን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በሕጉ ይርጋ አይነካውም፤ ስለዚህ ዋጋው በሙሉ በዚያ ዝምታ ተማምኖ ጭቃ ባቦካው ሰው ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ስል ያለ ፈቃድ የተሠራ ሁሉ ይጽደቅ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ቢሆን የሚጠቀመው ድኻው ሳይሆን በሌሊት መቶ ቦታ የሚያጥረው ደላላ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ2002 እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ በዚህ ነገር ላይ መልካም መንገድ አሳይቷል። በተመዘገበ መሬት ላይ ዐሥር ዓመት የተቀመጠ ሰው ያመለክታል፤ መዝገብ ቤቱም ወዲያው ባለቤቱን «ንቃ» ብሎ ያስታውቀዋል፤ ባለቤቱም ከተቃወመ መሬቱን ለማስለቀቅ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል። ዘመን ብቻውን አይፈርድም፤ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይደርሳል፤ መልስም ይጠበቃል።

በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ዐዋጅ ቊጥር 818 ለዚህ መሠረት የሚሆን ነው። መዝገቡ ሲሟላ ለአከራዩም፣ ለተከራዩም፣ ለገበሬውም ጋሻ ይሆናል። መዝገብ ግን በራሱ አይነቃም፤ የሚያነቃው በጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። የመጀመሪያው ጡብ በተቀመጠበት ሳምንት «እዚህ አይሠራም» ማለት ምሕረት ነው፤ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ግን፣ ሕጉ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ጭካኔ ይመስላል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሺህ ዓመት አንኖርም፤ ነገር ግን በእጃችን የሚያልፈው ወረቀት የሰው ቤት ነው። አባቶቻችን ርስትን በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የጠበቁት በትዝታ ነበር፤ እኛ ደግሞ በመዝገብ እንጠብቅ። የመጣውን ሰው «አንቀበልም» ብለን ብቻ ከመመለስ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባውና ምን እንደማይፈቀድለት በዚያው ቀን በጽሑፍ እንንገረው። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ፣ ሌላ ሽማግሌ ቋጠሮውን በፊታችን ሲፈታ የምንመልሰው ቃል አናጣም።